ይህ 205.75 ብር የማን ነው?

ስቴትመንትዎን ሲመለከቱ የማያውቁት ወጪ ገጥሞዎት ያውቃል? ደባርቅ ላይ ለስሜን ተራሮች ጎብኚዎች በቅሎ የሚያከራይ አባወራ፣ ዳባት ሆና ልጇ ከውጭ የሚልክላትን የምትጠብቅ እናት፣ ሁለት መቶ ብር ስትጎድልባቸው ያማቸዋል። ከብሩ በላይ የሚከብደው ግን ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ስልኩን የያዘው ማን ነበር?» ሳይጣራ የተነገረ ጥርጣሬ ቤተሰብ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ማንንም ከመጠየቅዎ በፊት ወረቀቱን ይጠይቁት።

መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ። ስቴትመንት የሚወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «15/03/2024፣ 20:10» ማለት መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 2:10 ማለት ነው። «ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም» ያሉት ምናልባት ሌላ ቀን አስበው ይሆናል።

ሁለተኛ ሳንቲሙን ያስሉ። 200 ብር ልከው የአገልግሎት ክፍያው 5 ብር ቢሆን፣ በክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 75 ሳንቲም ይታከላል። ድምሩ 205.75 ነው።

ሦስተኛ ስሙን ያጣሩ። እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ ዘወትር የማየው ነገር አለ፤ የሱቁ ታፔላ ላይ ያለው ስምና የባንክ ሂሳቡ ስም ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። «የማላውቀው ሰው» ያሉት የጤፍ ነጋዴዎ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ ብድር ካለ ያስታውሱ። በቴሌብር የተወሰደ ብድር የመክፈያ ቀኑ ሲደርስ ከሂሳብ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ኤቲኤም ብር ሳይሰጥዎት ሂሳብዎ ላይ ቀንሶ ከሆነም ስርቆት ሳይሆን የማሽን ችግር ነውና ለባንክዎ ያመልክቱ።

ይህ ሁሉ ታይቶ አሁንም ካልታወቀ አይዘግዩ። የዝውውሩን መለያ ቁጥር (በንግድ ባንክ «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምረውን) ይዘው ወደ ቅርንጫፍ ይሂዱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ 951፣ ለቴሌብር ደግሞ 127 ይደውሉ፤ ካርድዎንም ያሳግዱ። መልእክቱ ውስጥ በተጻፈ የግል ስልክ ግን አይደውሉ። የሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ማንም ቢሆን፣ ድምፁ የቱንም ያህል ትሁት ቢሆን፣ የባንክ ሰው አይደለም።

የማይታወቅ ገንዘብ ሲገባም ሕጉ ያው ነው። በዚያው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ ሲያወጡ አድረዋል። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጥቷል ብሎ አስመልሷል፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ሳይቀር ለጥፏል። «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ከደወለ ግን ወዲያው አይላኩ። ቀሪ ሂሳብዎን ራስዎ አይተው እውነት ከሆነ በባንኩ በኩል ይመለስለት።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢያችን የባንክ መልእክት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዘጋጁ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳወጣ ቤተሰቡ ይጻፍበት። ያኔ ስቴትመንቱ ሲመጣ የሚመሳከረው ቁጥር ከቁጥር ጋር ይሆናል፤ ልጅ ከእናቱ ጋር አይፋጠጥም።