ማን ሠራው? ማንስ አሠራው?

አማርኛ ሠሪንና አሠሪን በአንዲት ፊደል የሚለይ ቋንቋ ነው። ጌታው ቤት ያሠራል፤ አናጢው ቤት ይሠራል። ይህች «አ» ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን በትእዛዝና በጉልበት መካከል ያለውን ርቀት ሁሉ ተሸክማለች። ወደ ዐደባባይ ንግግራችን ስንመጣ ግን ፊደሏ ትዘለላለች። «ይህን አዳራሽ ራስ እገሌ ሠሩት፤ ያንን ቤተ ክርስቲያን አፄ እገሌ ሠሩት» እንላለን። አሠሪው የሠሪውን ቦታ ወርሶ ይቀመጣል፤ ሠሪው ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጉዳይ ያነሣሁት በነቀምቴ የሚገኘውን የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ምሳሌ አድርጌ ለመነጋገር ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ በርካታ ቤቶችን የያዘው ይህ ሥፍራ በ1860ዎቹ፣ በሞረዳ በከሬ ዘመን፣ እንደ ተጀመረ ይነገርለታል። የሌቃ ነቀምቴን ኃይል የመሠረቱት በከሬ ጎዳና፣ ልጃቸው ሞረዳ፣ የልጅ ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ የአንድ ቤት ሦስት ትውልድ ናቸው። ቤተሰቡም የደርግ እጅ እስኪደርስበት ድረስ በግቢው ኖሯል።

ስለዚህ ቤት ክርክር ጠፍቶ አያውቅም። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት ጋር ተያይዞ የወለጋ ፖለቲካ ሲለወጥ፣ ሞረዳ ከራስ ጎበና ዳጬ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ለምኒልክ መገበርን መረጡ። አንዱ ወገን ይህን «ብልኅነት ነው፤ አገሩን ከጥፋት አዳነ» ይላል። ሌላው «አሳልፎ መስጠት ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች በቁጣ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ግን የሚከራከሩት ስለ ጌቶች ነው። ጌታው ቢመሰገንም ቢወቀስም፣ ምሰሶውን ከጫካ ጎትቶ ያመጣው ሰው በክርክሩ ውስጥ ድርሻ የለውም።

በዚያ ዘመን የገባር ግዴታ እህልና ማር ከማስገባት ያለፈ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የጌታውን አጥር ማጠር፣ ቤቱን መሥራት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጭነት መሸከም ሁሉ የግብሩ አካል ነበር። ርቀቱንም እናስብ። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር ባቡር እንኳ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ ወደ ወለጋም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቆርቆሮና ምስማር የሚጓዘው በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። እንዲህ ካየነው የአንድ ቤት ጣሪያ የአንድ አገር ድካም ነው።

«ያለ ትእዛዝና ያለ ሀብት ቤት አይቆምም፤ አሠሪውን ማመስገን ምን ነውር አለው?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ነውር የለውም። የኩምሳ ስም ይፋቅ የሚል የለም። እኔ የምጠይቀው ሁለተኛው ግሥ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሲነሣ የዐድዋው ምርኮኛ ሰባስቲያኖ ካስታኛ ይጠቀሳል፤ የጣይቱ ሆቴል ሲነሣ አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ይጠቀሳል። መጠቀሳቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የባሕር ማዶውን ባለሙያ በስም እያነሣን ያገሩን ድንጋይ ጠራቢ «ሕዝቡ» በሚል አንድ ቃል ስንጠቀልለው፣ ግማሹን ታሪክ ብቻ መናገራችን ነው።

ነገሩ በድንጋይና በእንጨት ብቻ አይወሰንም። በዚያችው ነቀምቴ የኖሩት አስቴር ጋኖ በባርነት ተሸጠው በባሕር ላይ ነጻ የወጡ ሴት ነበሩ። የኦሮምኛ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን 500 ያህል ሰብስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር አዘጋጅተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም ብዙ ደክመዋል። የትርጉሙ ክብር ግን ለረጅም ጊዜ ለኦኔሲሞስ ብቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ታላቁ ሰው ክብሩ ይገባዋል፤ አጠገቡ የነበረችው ሠሪ ግን በኋላ በተመራማሪዎች ድካም እንጂ በእኛ ማስታወስ አልተመለሰችም።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ሰነድ አለን። ከዚሁ ቤት የወጡትን የአማርኛ ደብዳቤዎች አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋቸዋል። እነዚህን ወረቀቶች ስለ ወርቅና ስለ ዝሆን ጥርስ ግብር ብቻ ሳይሆን «ማን ተሸከመ? ማን ቆፈረ?» እያልን እንደገና እናንብባቸው። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች አሉን። የነቀምቴዋ በከኒሳ ቀሴ በስሟ ውስጥ ዛፍ ጠብቃለች፤ በከኒሳ በኦሮምኛ ቢሳና ነው። ዛፉ በሰፈር ስም ሲታወስ አናጢው የሚረሳበት ምክንያት የለም። የታሪክ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የጌቶችን የዘር ሐረግ ለመቶኛ ጊዜ ከሚገለብጡ፣ በየሰፈሩ ተቀምጠው «አያትህ ምን ሠሩ?» ብለው ይጠይቁ። ጊዜው ጠባብ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋን ያመሰው ግጭት ሰውን ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ሰው ሲፈናቀል ትዝታም ይበተናል።

ሦስተኛው የዛሬ ጉዳይ ነው። በየከተማው አዲስ ሕንፃ በተመረቀ ቁጥር በበሩ ላይ እብነ በረድ ይለጠፋል፤ ጽሑፉም «በክቡር እገሌ ተመረቀ» ይላል። ሪባን ለመቁረጥ አንድ ቀን የመጡት ሰው ስማቸው በድንጋይ ላይ ይቀራል። ሦስት ዓመት አሸዋና ሲሚንቶ የተሸከመችው የቀን ሠራተኛ በክፍያ መዝገብ ላይ እንኳ በወጉ መጻፏ ያጠራጥራል። ጌታና ገባር በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ተለያዩ ብለን እናስተምራለን፤ የእብነ በረዱ ሰዋስው ግን አልተለወጠም። ከመራቂው ስም በታች የግንበኛው፣ የአናጢው፣ የብረት ሠራተኛው ስም ቢቀረጽ የሚጨምረው ወጪ ከምርቃቱ ድግስ አይበልጥም። በሥራው ላይ የሞተ ካለ ደግሞ ስሙ ከሁሉ በላይ ይጻፍ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። እስካሁን ከመቃብር በላይ ያዋልነው ያሠሩትን ስም ብቻ ነው። የሠሩት ደግሞ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ቸር ይግጠመን።