«ሰክሮ ነው» ምክንያት አይሆንም!

የካማሺ ነዋሪዎች ሆይ!

ጠላና ቦርዴ በደቦና በሠርግ አብሮን የኖረ ነው፤ እሱን የሚነቅፍ የለም። ጠባችን ከጠዋት ጀምሮ በመለኪያ ከሚቀዳው አረቄና ከኋላው ከሚመዘዘው ጩቤ ጋር ነው።

«መጠጡ ነው እንጂ እሱስ ደግ ሰው ነው» እያልን ደብዳቢውን እናስታርቃለን፤ የተፈነከተችውን ሚስት «ቻይው» እንላታለን። ይህ ሽምግልና ሳይሆን ወንጀል መሸፈን ነው! ሚስቱን ሰክሮ የሚደበድብ ሰው ፖሊስ ሲያይ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ታዲያ አእምሮው የት ሄዶ ነበር? አረቄ ልጓም ይፈታል እንጂ ቂም አይፈጥርም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 50፣ ወንጀል ለመሥራት ሲል ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ከቅጣት እንደማያመልጥ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እንግዲያው ለተማሪ የሚቀዳው ማነው?

ዞናችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በግጭት ብዙ ደም አይቷል፤ ያ ከመጠጥ የመጣ አልነበረም። በመለኪያ ሌላ ደም አንጨምርበት!

ሻጮች፦ ለልጅና ለሰከረ ሰው አትቅዱ!
ሽማግሌዎች፦ ሰው ከደማ ከእርቁ በፊት ወደ ፖሊስ!
ጎረቤቶች፦ ጩኸት ስትሰሙ በር አትዝጉ!