ያልጾምኩትን ጾም ያፈጠርኩበት ምሽት

 

ከጓደኛና ከቤተሰብ ጋር ምግብ ቤት ገብቶ ስለመብላት መጻፍ ለመጽሔታችን የማይመጥን ቀላል ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ሰላት፣ ስለ ዒልም፣ ስለ ፈተና የሚጻፍ ስንት ነገር እያለ! እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ማክሰኞ ምሽት ግን ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ተፈተንኩ፤ ወደቅሁም።

ባለፈው ዓመት የግሩፕ ፕሮጀክታችንን ያስረከብን ዕለት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ላብ ውስጥ አብረን ያመሸን አምስት ልጆች «ዛሬማ ወጣ ብለን እንብላ» ተባባልን። ከአምስታችን ሦስቱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት ሲሆኑ ሙስሊሙ እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈሬ መካኒሳ ስለሆነ «አንተ አካባቢውን ታውቀዋለህ» ብለው ወደዚያው ሄድን። እኔ ግን የት ብንበላ እንደሚሻል አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። አንደኛው ልጅ በሩ ላይ ሥጋ የተሰቀለበት፣ በኪሎ አስመዝነው ጥብስ የሚያዙበት ቤት አየና ገባን።

አስተናጋጁ መጥቶ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ከአፌ የወጣው «ጾመኛ ነኝ» የሚል ነበር። አልጾምኩም። ምሳዬን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካፌ በልቻለሁ። ግን «ይህን ሥጋ አልበላም» ከማለት ይልቅ ይህ ቀለለኝ። ጾም የሚከበር ነገር ነው፤ ማንም አይከራከርበትም።

ጥብሱ መጣ። ልጆቹ እኔ እያየሁ መብላት ከብዷቸው አመነቱ፤ «ብሉ፣ ችግር የለም» አልኳቸው። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንዱ ኦርቶዶክስ ጓደኛዬ ስልኩን አየና አስተናጋጁን ጠራ። «ለእሱ ውሃና ሻይ አምጣለት፣ ማፍጠሪያው ደርሷል» አለው። ቴምር ይኖር እንደሆነም ጠየቀ። የለም ተባለ። ውሃው ፊቴ ተቀመጠ። አራቱም እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል። ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁ፤ ያልጾምኩትን ጾም አፈጠርኩ። ያን ያህል የመረረኝ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ከሳምንታት በኋላ ያው ጓደኛዬ ብቻችንን ስንሆን «ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር። እናንተ የምትጾሙት ሰኞና ሐሙስ አይደል?» አለኝ። በሌላም ቀን ይጾማል ልለው እችል ነበር፤ አላልኩም። እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ከእኛ ጋር መብላት ካልፈለግህ ንገረን እንጂ፤ አናስጨንቅህም» አለኝ። የጎዳኝ ይህ ነው። እሱ የገባው ሥጋውን እንዳልፈለግሁ ሳይሆን እነሱን እንዳልፈለግሁ ነበር።

የአገራችንን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥጋው የሚለየው ገና ከቢላዋው ነው። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ያርዳል። ከዚያ ወጥቶ ጨረቃ ወደተሳለበት ልኳንዳ ወይም መስቀል ወደተሳለበት ልኳንዳ ይሄዳል። ምግብ ቤቱም እንደዚያው ነው፤ «የሙስሊም ምግብ ቤት» ተብሎ ይጻፍበታል። በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ላይ ስለ አህለል ኪታብ ምግብ የተነገረውን መድረሳ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዑለማዎች በዝርዝሩ የተናገሩትም ብዙ ነው። በአገራችን ግን ሙስሊሙ በአብዛኛው ከክርስቲያን እርድ፣ ክርስቲያኑም ከሙስሊም እርድ ተቆጥቦ ኖሯል። እኔም ቤተሰቤ በኖረበት እኖራለሁ። ፍርዱን ለባለቤቶቹ ለዑለማዎች እተዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ አውቃለሁ፦ በሥጋው ላይ ኢኽቲላፍ ቢኖርም በውሸቱ ላይ ኢኽቲላፍ የለም። እኔ ያን ምሽት ከሚያወዛግበው ተጠብቄ የማያወዛግበው ውስጥ ገባሁ። በዚያም ላይ የዋሸሁት በዒባዳ ነው።

ይህን የማደርገው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ዶርም ውስጥ ስናወራ አንዱ «ጨጓራዬን አሞኛል» እንደሚል፣ ሌላው «አሁን በላሁ» እንደሚል፣ ሌላው ደግሞ ግብዣ ሲሸት ስልኩን እንደሚያጠፋ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሐላል ለመጠበቅ ብለን ነው። ግን ሐላልን እንደሚያሳፍር ነገር ከደበቅነው ምኑን ጠበቅነው?

ወላጆቻችን እንዲህ አልነበሩም። አባቴ እኛ ሰፈር የክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲኖር ከሳምንት በፊት ይጠራል። ለሙስሊም እንግዶች የሚታረደውን በግ ወይም ወይፈን ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው እሱ ወይም ሌላ ሙስሊም ነው። ወጡን ሙስሊም ሴቶች በተለየ ድስት ይሠሩታል፤ ማዕዱም ለብቻ ይሰናዳል። ይህ በብዙ የአገራችን ሰፈር የታወቀ ወግ ነው። ባለ ሠርጉ አያፍርም፣ አባቴም አያፍርም። ማንም «ለምን የእኔን አልበላህም?» ብሎ አይቀየምም፤ ምክንያቱም ነገሩ አስቀድሞ ተነግሮ አልቋል። እንዲያውም ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ አለማሰናዳት ነው ነውሩ።

ታዲያ እኛ ምን ነካን? እንደ እኔ እንደ እኔ ልዩነቱ ምግብ ቤቱ ነው። ሠርግ ላይ ባለቤት አለ፤ እንግዳው ማን እንደሆነ አስቦ ያሰናዳል። ምግብ ቤት ስንገባ ግን ሁላችንም እንግዳ ነን። አስተናጋጁ ያዘዝነውን ያመጣል እንጂ ማን ምን እንደሚበላ አያስብልንም። ስለዚህ ያ አባቴና ጎረቤቱ ከሳምንት በፊት የሚነጋገሩት ነገር ሳይነገር ይቀርና ጠረጴዛው ላይ ድንገት ይመጣል። ያኔ ደግሞ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰውም ይዋሻል።

ለጓደኛዬ እውነቱን ከነገርኩት በኋላ ልክሳቸው ፈለግሁ። «በእኔ ሒሳብ ልጋብዛችሁ» ብዬ አራቱንም ወደ አንድ የሙስሊም ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ሩዝ በሥጋ በትልቅ ትሪ አዘዝኩ። ያ ውሃ ያስመጣልኝ ጓደኛዬ ሻይ ብቻ ይዞ ተቀመጠ። «ቁርስ ዘግይቼ በላሁ» አለ። የምሳ ሰዓት አልፎ ስምንት ሰዓት ሆኗል! ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እኔን ካስቀመጡኝ ወንበር ላይ እኔው መልሼ አስቀመጥኩት። ፕሮቴስታንቱ ጓደኛችን ብቻ በሁለቱም ቤት ጠግቦ ወጣ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከመድረሳም ከዩኒቨርሲቲም አይደለም፤ ከእናቴ ነው።

ከኢንተርንሺፕ ያገኘኋትን የኪስ ገንዘብ ይዤ እናቴን ምሳ ልጋብዛት አሰብኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስታበላ የኖረች እንጂ ምግብ ቤት ገብታ «አምጣልኝ» ያለች ሴት አይደለችም። ለሐሙስ ስቀጥራት «አይሆንም፣ ረቡዕ ይሁን» አለች። ለምን ስላት «እትዬንም እንውሰዳት፤ ረቡዕ እሷ ትጾማለች፣ እኛም በያይነቱ እንበላለን» አለችኝ። እትዬ የምትላቸው ኦርቶዶክስ ጎረቤታችንን ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቡና አብረው የጠጡ ናቸው።

መካኒሳ ውስጥ ቢራ የማይሸጥበት አንድ ትንሽ ሽሮ ቤት ገባን። እትዬ የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ እናቴ ቀድማ ሰዓቱን አስተካክላዋለች። ከማዘዛችን በፊት ሁለቱም ሴቶች አስተናጋጇን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቋት፦ «ድስቱ ሥጋ አልነካውም?» አንዷ ለጾሟ፣ አንዷ ለሐላሏ። ልጅቷ ለጾም የተለየ ዕቃ እንዳላቸው ነገረቻቸው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ በአንድ ትሪ መጣ። እናቴ ቢስሚላህ አለች፣ እትዬ አማተቡ፤ ሁለቱም ለእኔ ጉርሻ ጠቀለሉ። ዒሻ እስኪደርስ ምንም አልራበኝም።

እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሲስተም ሲበላሽ ሁለቱን ጎን ተሸክሞ የሚቆም ነጥብ ፈልጉ እንባላለን። ያ ነጥብ ለካ ሽሮ ነው! እናቴ ይህን ታውቀዋለች፤ እኔ ግን አራት ሰው ካሳፈርኩ በኋላ ደረስኩበት።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ነገሩን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ እንናገር። «እኔ የሙስሊም እርድ ነው የምበላው፤ ሁላችንም የምንበላበት ቤት እንሂድ» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። እስካሁን ይህን ብዬ የተቀየመኝ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ የወዳጆቻችንንም ጾም እንወቅ። ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴው 55 ቀንና ፍልሰታ የጾም ምግብ በየቤቱ እንደ ልብ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። እሱ የእኔን ሰኞና ሐሙስ ካወቀ እኔ የእሱን ረቡዕ አለማወቄ ነውር ነው። በ2017 ረመዷንና ሁዳዴ አንድ ላይ ነበሩ፤ ያኔ መግሪብ ላይ በአንድ ትሪ ሽሮ ማፍጠር ምንኛ ቀላል እንደነበር አስቡት።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን ወሰን አንሸራርፍ። አስካሪ መጠጥ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ አለመቀመጥ፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስ ተነስቶ መስገድ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ይህንንም ቢሆን በግልጽ እንናገረው። «መግሪብ ሰግጄ ልምጣ» ያለ ሰው ከጠረጴዛው አይጎድልም።

አራተኛ፣ ጨረቃ የተሳለበት ሰሌዳ ስላየን ብቻ አንርካ። ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ እንደሚመጣ በአደብ እንጠይቅ። እናቴና እትዬ የጠየቁት በትሕትና ነበር፤ ልጅቷም ደስ ብሏት መለሰች።

አምስተኛው የሒሳብ ነገር ነው። «ወላሂ እኔ ነኝ የምከፍለው» እየተባለ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚምልበትን ጠረጴዛ ታውቁታላችሁ፤ ከአምስቱ የአራቱ መሐላ ይፈርሳል። ነን ካፌ ሆኖ በወር ድጎማ የሚኖር ልጅ መካከላችን ካለ ደግሞ ሳይሰማ ቀድሞ መክፈል ከመሐላው ይበልጣል።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከራሳችን ልጆች ጋር በራሳችን ቤት ብንበላስ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሐሳባቸውን አልንቅም። ሰው በአብዛኛው እንደ ጓደኛው ነው የሚሆነው፤ ዲኑን የሚያጠነክሩለት ወዳጆች ያስፈልጉታል፤ የጀመዓችን ማዕድ ቀዳሚ ነው። ግን እኛ አንድ ላብ ውስጥ እንሠራለን፣ አንድ ዶርም እናድራለን፣ ነገ አንድ ሳይት ላይ አብረን እንቆማለን። ሱረቱ ኑር ውስጥ ተሰብስቦም ሆነ ለየብቻ መብላት ኃጢአት እንደሌለበት ተነግሮናል፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ተሰብስቦ መብላት በረካ እንዳለው አስተምረዋል። ያ ጓደኛዬ ስለ እስልምና ያየው የመጀመሪያው ነገር የእኔ ውሸት ነበር። እሱ ግን በጥሩ ልብ ቴምር ፈለገልኝ። ከሁለታችን ማን ነበር ዲኑን ያከበረው?

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን «አል-ማኢዳ» ማለት የተሰናዳ ማዕድ ማለት እንደሆነ ነግረውናል። 120 አንቀጽ ያላት ይህች ሱራ ስሟን ያገኘችው የነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ሐዋርያት ከሰማይ ማዕድ እንዲወርድላቸው ከጠየቁበት ታሪክ ነው። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ቃሉ ከግእዙ «ማእድ» ጋር ዝምድና እንዳለው ይናገራሉ። እንግዲህ የምግብን ሐላልና ሐራም በስፋት የምታስተምረን ሱራ ራሷ በማዕድ ስም ነው የተጠራችው። ሳህናችንን እንጠብቅ፤ ማዕዱን ግን አንሽሽ።

በመጪው ረቡዕ አምስታችን እዚያው ሽሮ ቤት ቀጠሮ አለን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ቴምር ይዤ እሄዳለሁ፤ የዚያን ዕለቱ ውለታ አለብኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከውሸት፣ ሆዳችንን ከሐራም ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።