ፍቺን ያመጣው የቤተሰብ ሕጉ ነው? አንኮበር ትመስክር!

በየሠርጉ ድንኳን፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ በየቲክቶኩ የሚደጋገም አንድ ንግግር አለ። «ድሮ ትዳር ትዳር ነበር። እናቶቻችን ችለው ኖሩ። ይህ የሴቶች መብት የሚሉት ሕግ መጣና ቤቱን ሁሉ በተነው።» ንግግሩ ጆሮ ይገባል። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው።

ለምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰሜን ሸዋ ትበቃለች። ምኒልክና ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር መድኃኔዓለም በቁርባን ሲጋቡ ሁለቱም ለትዳር አዲስ አልነበሩም። ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን ትተው መጥተዋል፤ ከባፈና ጋርም ኖረው ተለያይተዋል። ጣይቱም ቀደም ሲል አግብተው የፈቱ ናቸው። በዚያን ጊዜ «ሕጉ አበላሻቸው» ያለ የለም። የዛሬው የቤተሰብ ሕግ ሊወጣ ገና ከ100 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

«እነሱ ነገሥታት ናቸው፤ ገበሬው ግን እንዲህ አልነበረም» የሚል ካለ መልሱ እዚያው አንኮበር አለ። በ1950ዎቹ በአካባቢው ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ቮልፍጋንግ ቫይስሌደር፣ ኋላ ስለ አማራ ጋብቻ ላሳተመው ጽሑፍ የሰጠው ርዕስ «የፍቺ ጽናት» የሚል ነው። ጸንቶ የኖረው ፍቺው ነው እንደማለት።

የጋብቻዎቹ ስሞችም ራሳቸው ይናገራሉ። ቁርባን አይፈታም፤ ስለዚህም ከካህናትና በዕድሜ ከገፉ ባለትዳሮች በቀር ብዙው ሰው ይፈራው ነበር። ሰማንያ በምስክር ፊት የሚታሰር፣ በሽማግሌ ፊት የሚፈታ ውል ነው። የደሞዝ ጋብቻ ደግሞ በጊዜና በክፍያ የተወሰነ ነበር። የሚፈታውን ጋብቻ ከማይፈታው በስም ለይቶ የኖረ ሕዝብ ፍቺን ከውጭ አላስመጣም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አፈታቱ!

በሰማንያ ከሁለቱም ወገን የመጣው ከብት በምስክር ፊት ይቆጠራል። ሲፋቱ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አብረው ያፈሩት ለሁለት ይከፈላል። ሴቲቱ በአባቷም በእናቷም በኩል የምትጠይቀው ርስት ስላላት መመለሻ አላት። ይህን ማስጌጥ ግን አይገባም። በልጅነታቸው የተዳሩ፣ ሽማግሌው ለባል አድልቶ ድርሻቸው የቀረባቸው፣ በደሞዝ ኖረው ባዶ እጃቸውን የወጡ ብዙ ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ፈቅዶ ነበር።

በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 የተከተለው የአማራ ክልል ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረጉ፤ ባልና ሚስትን እኩል አደረጉ፤ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጡ። እኩል መካፈሉ ግን የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። ሰማንያ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

አሁን ወደ ዛሬዋ ደብረ ብርሃን ይመጣል ነገሩ። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር የመጣ ወጣት ፋብሪካ ይቀጠራል፤ አንድ ክፍል ይከራያል፤ ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ኑሮ ይጀምራል። ሽማግሌ አልተላከ፣ ምስክር አልቆመ፣ ቀበሌ አልተመዘገበ። የሚቆጠር ከብት የለም፤ የሚመለሱበት ርስት የለም። ልጅ ይወለዳል። ሲጣሉ እሱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ እሷ ልጅና የቤት ኪራይ ይዛ ትቀራለች። ዐረብ አገር ለፍታ ብር ስትልክ የኖረችውም ስትመለስ ቤቱ በባሏ ወይም በወንድሙ ስም ተሠርቶ ይጠብቃታል። ሕጉ «ግማሹ ያንቺ ነው» ይላታል። ግን ባሏ እንደነበረ፣ ብሩም የእሷ እንደነበረ አስረጂ ትባላለች። በምን ታስረዳ?

ሕጉ የሃይማኖቱንም የባህሉንም ጋብቻ ይቀበላል። ምዝገባውም በ2004 በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ግዴታ ሆኗል፤ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮም ሥራ ላይ ነው። ሠርግ የሚደግሰውም ቢሆን ለድንኳን፣ ለቪዲዮና ለመኪና አጀብ ይበደራል፤ አንዲት የጋብቻ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ድረስ መሄድ ግን ይከብደዋል!

ፍርድ ቤት ደርሳ ያሸነፈችውስ? ቀለብ ይወሰንላታል። አባት ሥራ ይቀይራል፤ ከተማ ይቀይራል፤ ስልክ ይቀይራል። ፍርዱ ይወጣል፤ ገንዘቡ አይመጣም። በዚህ ጊዜ «ትዳር ፈረሰ» ብለው የሚያለቅሱት የት አሉ? «ቻይው» ለማለት ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሽማግሌ፣ «የልጅህን ቀለብ ስጥ» ለማለት አንድ ጊዜ እንኳ ደጅ አይረግጥም።

ለትዳር ከልብ የሚጨነቅ ሰው ሴቷን መስደቡን ትቶ እዚህ ይጀምር። ልጁን ሲድር ሳያስመዘግብ አይዳር። ከጋብቻ በፊት የነበረውና አብረው ያፈሩት ንብረት በጽሑፍ ይያዝ። ፍርድ ቤት ያዘዘው ቀለብ ከአባት ደመወዝ ተቆርጦ ለልጁ እንዲደርስ አሠሪውም፣ ቀበሌውም፣ ሽማግሌውም ይከታተል። ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ያለውን መፈጸም ነው።

የአንኮበር ሽማግሌ ሲያፋታ ላሟ ለማን እንደምትደርስ ያውቅ ነበር። የዛሬው ከተማ ልጁ ለማን እንደቀረ እንኳ አይጠይቅም።