ባዶ ካርድ የአገር ምሥጢር አይደለም



ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ልጃችሁ ከወንጀል ነጻ ለመሆኑ ማስረጃ ሲጠይቅ አሻራ ይሰጣል። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘም ይሰጣል። ቀለም የሚያሰራጭ ወረቀት የጣትን መስመር ያደበዝዛል፤ የደበዘዘ አሻራ ንጹሑን ያጉላላል፣ ጥፋተኛውን ይሸሽጋል። ካርዱ የሚገዛው ደግሞ በእናንተ ግብር ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታን መደበኛ የግዥ ዘዴ ቢያደርግም፣ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል ሌላ ሥርዓት የሚፈቀድበትን በር ትቶ ነበር። በዚህ ዓይነት በር ባዶ ካርድ ሊገባ አይገባም። ምሥጢር መሆን ያለበት የዜጋው አሻራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የወረቀቱን ዋጋ ደብቆ አሻራውን ማዝረክረክ ሁለቱንም መጣስ ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. የፖሊስ የአሻራ ካርድም ሆነ የአሻራ መሣሪያ በግልጽ ጨረታ ይገዛል፤
2. የአሸናፊው ስምና የአንዱ ዋጋ በጋዜጣ ይወጣል፤
3. የካርዱ ናሙና በቀለም ሳይፈተሽ ርክክብ አይፈጸምም።

ከፋዩ ዋጋውን የማወቅ መብት አለው። መብታችሁን በድምፃችሁ አስከብሩ!