ጠላ የሚጠመቅበት፣ አረቄ የሚወጣበት ዕቃ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር? አሮጌ በርሜል፣ ቱቦና ራዲያተር በጤና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት

በ2017 ዓ.ም. ስለ መጠጥ መመረዝ ሁለት ትልልቅ ዜናዎች ተሰምተዋል። በኅዳር ወር በላኦስ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች በሜታኖል ተመርዘዋል በሚል ጥርጣሬ ሕይወታቸው አለፈ። በነሐሴ ወር ደግሞ በኩዌት በድብቅ የተሠራ መጠጥ የጠጡ 160 ሰዎች መመረዛቸውንና 23ቱ መሞታቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስታወቀ። ከተረፉት መካከል የዓይን ብርሃናቸውን ያጡና ኩላሊታቸው በማሽን እንዲታጠብ የተገደዱ ይገኙበታል። ኩዌት ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ የሚኖሩባት አገር በመሆኗ ዜናው በየቤታችን ስጋት ፈጥሯል።

ከእንዲህ ዓይነት ዜና በኋላ ቤተሰቦች የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «እኛ ቤት የሚጠመቀው ጠላስ? ከሰፈር የምንገዛው አረቄስ?» ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በአጭሩ ለመናገር፣ በቤት ውስጥ በሚዘጋጅ መጠጥ ከእህሉና ከጌሾው ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ነገር ነው፤ ይኸውም መጠጡ የተዘጋጀበት ዕቃ።

ችግሩ ለምን አሁን ይነሳል?

ድሮ ጠላ በጋን ይጠመቅ ነበር። አረቄም ከሸክላ ማሰሮ በሸምበቆ እየወጣ፣ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀም ነበር። ዛሬ ጋን ውድ ነው፤ ከባድ ነው፤ በቀላሉ ይሰበራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ አንድ የአሜሪካን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ አዲስ የማይዝግ ብረት ድስት ወይም የምግብ በርሜል መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ሆኗል።

ስለዚህ ሰው ወደ አሮጌ ዕቃ ይዞራል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ቆራሌው ዘንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ ጀሪካን፣ የብረት ቧንቧ፣ የጎማ ቱቦና የመኪና ራዲያተር በርካሽ ይገኛል። ጠላና አረቄ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ወጪ ለመቆጠብ መጣራቸው የሚያስወቅስ አይደለም። አሮጌ ዕቃም ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክ ደግሞ መጠጡ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በፋብሪካ የሚመረት መጠጥ የሚገባበት በርሜልና ቱቦ ይመረመራል። በቤት የሚጠመቀውን ግን የሚመረምር የለም። መርማሪዋ ራሷ ጠማቂዋ ናት፤ ሁለተኛው መርማሪ ደግሞ ጠጪው። ለዚህ ነው እውቀቱ እናንተ ዘንድ መድረስ ያለበት።

ዕቃው እንዴት መጠጡን ይመርዛል?

ጠላና ጠጅ እየበሰሉ ሲሄዱ ይኮመጥጣሉ። ኮምጣጣ ፈሳሽ ብረትን ያሟሟል። አልኮል ደግሞ ውኃ የማያሟሟቸውን አንዳንድ ኬሚካሎች ያሟሟል። አረቄ ሲወጣ ሙቀት ይጨመርበታል። መጠጡ በዕቃው ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ለመሟሟት በቂ ጊዜ አለው። በዚህ ምክንያት ለውኃ የማይጎዳ ዕቃ ለጠላ ወይም ለአረቄ ጎጂ ሊሆን ይችላል።

1. የመኪና ራዲያተርና በእርሳስ የተበየደ ቧንቧ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የድሮ ራዲያተሮች መገጣጠሚያቸው የተበየደው ሊድ ወይም እርሳስ በሚባለው ብረት ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በድብቅ አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ራዲያተርን ለእንፋሎት ማቀዝቀዣነት ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ጠጪዎቻቸውም በእርሳስ ተመርዘው ሆስፒታል ሲገቡ በተደጋጋሚ ታይቷል። ራዲያተሩ ውስጥ የቀረው የመኪና ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ራዲያተርን አጥቦ ለመጠጥ የሚሆን ማድረግ አይቻልም።

የእርሳስ መመረዝ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የእጅ አንጓ መዛል፣ የደም ግፊት መጨመርና የኩላሊት መዳከም ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በነፍሰ ጡር እናት ደም ውስጥ ያለ እርሳስ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገትም ይጎዳል።

2. ዚንክ የተቀባ ባልዲና በርሜል

ጋልቫናይዝድ የሚባለው፣ ላዩ ብርማ ሆኖ የሚያንጸባርቀው ባልዲና በርሜል ዝገት እንዳይነካው ዚንክ ተቀብቷል። ለውኃ መቅጃ ያገለግላል። ጠላ ወይም ጠጅ ሲቀመጥበት ግን ኮምጣጣው ዚንኩን ያሟሟዋል። የጠጣው ሰው ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። በድግስ ላይ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲታመም «ምግቡ ተበላሽቶ ነው» ይባላል። የጠላው በርሜልም መጠየቅ አለበት። ኮምጣጣ መጠጥ የተቀመጠበት የመዳብ ዕቃም ተመሳሳይ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

3. ኬሚካል የነበረበት በርሜልና ጀሪካን

ሰማያዊው በርሜል ወደ አገር ሲገባ ባዶውን አልመጣም። ሳሙና መሥሪያ፣ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት ይዞ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም፤ የያዘውን ነገር ወደ ውስጡ ይመጥጣል፣ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ይለቃል። ደጋግሞ ማጠብ ላዩን ያጸዳል እንጂ የመጠጠውን አያወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ለሸክላ ጥሩ ልማድ ነው። ለኬሚካል በርሜል ግን አይሠራም። ወይራው የኬሚካሉን ሽታ ይሸፍነዋል፤ ኬሚካሉ ግን እዚያው አለ። ሽታ ያስጠነቅቀን የነበረውን በርሜል ማጠን ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ነው።

በተለይ የፀረ ተባይ ዕቃ በምንም መንገድ ለምግብም ለመጠጥም መዋል የለበትም። አንዳንዶቹ ፀረ ተባዮች ላብ፣ ምራቅና እንባ ማዝነብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ እጥረት ያመጣሉ። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል መመረዝ ነው።

4. የጎማና የላስቲክ ቱቦ

የአትክልት ማጠጫ ወይም የነዳጅ ቱቦ ለትኩስ የአረቄ እንፋሎት አልተሠራም። ሙቀትና አልኮል አንድ ላይ ሆነው ላስቲኩን የሚያለሰልሱትን ኬሚካሎች ያወጣሉ። ቱቦው ለስልሶ ከታጠፈ ወይም ከተደፈነ ደግሞ ውስጥ የታፈነው እንፋሎት ዕቃውን ያፈነዳዋል። የአልኮል እንፋሎት ተቀጣጣይ ስለሆነ ቃጠሎው ከባድ ነው። ጠላና ጠጅም ሲፈሉ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ጀሪካኑን አጥብቆ መክደን ሊያፈነዳው ይችላል።

ሜታኖልስ?

ሜታኖል የተባለው መርዝ ከእህል በሚጠመቅ መጠጥ ውስጥ የሚፈጠረው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከፍራፍሬ በሚሠራው ትንሽ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሞትባቸው አደጋዎች በአብዛኛው የሚከሰቱት ሰው የኢንዱስትሪ ሜታኖልን ለማጠንከሪያ ወይም ለማብዣ ሲጨምር ነው። ሜታኖል ወይም የቀለም ማቅጠኛ የነበረበትን ዕቃ ለአረቄ ማስቀመጫ ማድረግም አደገኛ ነው።

አረቄን በእሳት ለኩሶ ሰማያዊ ነበልባል ማየት ጥንካሬውን ሊያሳይ ይችላል፤ ንጹሕነቱን ግን አያሳይም። ሜታኖልም በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። እርሳስና ፀረ ተባይም በነበልባል አይታወቁም።

በትንሽ ወጪ የት መቆጠብ ይቻላል?

መመሪያው አንድ ነው። ፈሳሹ ወይም እንፋሎቱ በማይነካው ነገር ላይ ይቆጥቡ፤ በሚነካው ላይ ግን አይቆጥቡ። ምድጃውና የውጭ ማቀዝቀዣ ገንዳው ከአሮጌ ዕቃ ቢሠሩ መጠጡን አይነኩትም። በርሜሉ፣ ድስቱ፣ ቱቦውና መገጣጠሚያው ግን ታሪካቸው የታወቀ መሆን አለበት።

• ያልተቀባ የሸክላ ጋንና እንስራ አሁንም ጥሩ ምርጫ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለው ሸክላ ግን እርሳስ ሊኖረው ይችላል።
• አሮጌ ጀሪካን ከፈለጉ የምግብ ዘይት የነበረበትን፣ ከዚያ ወዲህም ለሌላ ነገር ያልዋለውን ይምረጡ። ከሚያውቁት ሱቅ ወይም ቤት ቢወስዱ ይሻላል።
• በፕላስቲክ ዕቃ ሥር የሚገኘው ባለ ሦስት ማዕዘን ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። ቁጥር 2 የሆነ በርሜል አሲድ ይዞ ሊሆን ይችላል። የብርጭቆና የሹካ ምልክት ዕቃው ሲሠራ ለምግብ የታሰበ መሆኑን ያሳያል፤ በኋላ ምን እንደያዘ ግን አይነግርዎትም።
• የሆቴል ኩሽና ያሰናበተው የማይዝግ ብረት ድስት ብዙውን ጊዜ ከአዲስ የኬሚካል በርሜል ይሻላል።
• ብየዳ ካስፈለገ ለበያጁ ዕቃው ለምግብ እንደሚውል ይንገሩት፤ በእርሳስ እንዳይበይደው ይጠይቁ።
• ሻጩ «ምን ነበረበት?» ሲባል መልስ ከሌለው አይግዙ። ጽሑፉ የተላጠ ወይም የተፋቀ በርሜልም እንደዚሁ።

ብቻቸውን መግዛት ለማይችሉ እናቶች በዕቁብ ወይም በዕድር ተባብሮ አንድ ጥሩ ድስትና በርሜል በጋራ መግዛት ይቻላል። ለድግስ ዕቃ በጋራ ማስቀመጥ የለመድነው ነገር ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

የሆድ ቁርጠት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የጨጓራ ወይም የትላትል መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። ደም ያነሰው ሰው የአይረን ክኒን ይሰጠዋል። መጠጡ ስለተዘጋጀበት ዕቃ የሚነሳ ጥያቄ ግን በምርመራ ክፍል ውስጥ ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ሳይጠየቁ ይናገሩ። «ቤታችን ጠላ ይጠመቃል፣ በርሜሉ እንዲህ ዓይነት ነው» ወይም «አረቄ የምገዛበት ቤት በብረት ቧንቧ ነው የሚያወጡት» ማለት ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመራዋል። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚለካበት ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ በጥርጣሬ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ግን ይቻላል። ሕክምናውም የሚጀምረው ዕቃውን በመተው ነው።

ቅራሪ የሚጠጡ ልጆችንም አይርሱ። አልኮሉ ስለሳሳ ለልጅ ይሰጣል፤ ከበርሜሉ የወጣው እርሳስ ግን ለልጅ ብሎ አይሳሳም።

እነዚህን ምልክቶች ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦

• ከጠጡ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ፣ ዓይን መደብዘዝ ወይም ጭጋግ መስሎ መታየት
• ፈጣንና ከባድ ትንፋሽ፣ ጠንካራ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት
• ግራ መጋባት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከእንቅልፍ አለመንቃት
• ብዙ ላብና ምራቅ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ
• አብረው ከጠጡት መካከል ከአንድ በላይ ሰው መታመሙ

«ስካር ነው፣ ተኝቶ ይተወዋል» ብለው አይጠብቁ። ስካር በሰዓታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ መመረዝ ግን እየከበደ ነው የሚሄደው። ወተት እነዚህን መርዞች አያረክስም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ከተሰጠ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እንዲያስታውክም አያስገድዱት። በጎኑ ያስተኙት፣ የቀረውን መጠጥ በጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ለሜታኖል መመረዝ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ ማርከሻና የደም እጥበት አለ፤ ውጤቱ የሚወሰነው ግን በሰዓታት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖች ደግሞ መጠጥ በአንዳንዶቹ አገሮች የተከለከለ በመሆኑ ፖሊስን ፈርታችሁ ልትዘገዩ ትችላላችሁ። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ሆኖም የዓይን ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስም። የታመመ ጓደኛችሁን ክፍል ውስጥ ደብቃችሁ አታሳድሩት።

አልኮል በራሱ ጉዳት አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ይላል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ጨርሶ ሊጠጡ አይገባም። የሚጠጣ ሰው ግን ከአልኮሉ ሌላ እርሳስ፣ ዚንክና ፀረ ተባይ አብሮ መጠጣት የለበትም። ዛሬ ማታ ቤትዎ ያለውን በርሜል አገላብጠው ይዩት፤ ምን እንደነበረበት የሚያውቅ ሰው ከሌለ ለልብስ ማጠቢያ ይሁን እንኳ አይበሉ፤ ከቤት ያውጡት።