የወሩ የመጻሕፍት አምድ፦ አንድ ቅጂ ለብዙ ጆሮ

 

«አዲስ የወጣ ልብ ወለድ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። መጽሐፍ መደብር ደጃፉ ላይ ላለ ሰው መልሱ ቀላል ነው። ለእኛ ግን አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ በመንገደኛ እጅ ናጋድ ጣቢያ እስኪወርድ፣ ከዚያም ካምፕ እስኪዘልቅ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ በዚህ አምድ «አዲስ» የምንለው ትናንት የታተመውን ብቻ አይደለም። በቤታችሁ ገና ያልተነበበ፣ ልጆቻችሁ ገና ያልሰሙት ታሪክ ሁሉ አዲስ ነው። በዚህ ወር ከየዓይነቱ መርጠንላችኋል።

«ራሽን በተጓደለበት ቤት ልብ ወለድ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። አልተሳሳቱም፤ መጽሐፍ ዱቄት አይሆንም። ነገር ግን ሳናየው ከእጃችን እየወጣ ያለ ሌላ ነገር አለ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ይማሩ፣ ያስፈልጋቸዋል። አማርኛውንም በአፋቸው ይናገራሉ። ፊደሉን ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። ቀድሞ ከአገር ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ልጅ ለእናቱ ያነብ ነበር። ዛሬ አያት በስልክ የድምፅ መልእክት ትልካለች። የአያትን ድምፅ የመሰለ የለም፤ ሆኖም ልጁ አንድ መስመር አማርኛ ሳያይ ያድጋል። ቀልድ የሚያውቅ፣ ተረት የሚተርት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «በ»ን ከ«ሰ» መለየት ሲያቅተው እናያለን። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ፊደል የሚያመጣው ቁጣ አይደለም፤ መጨረሻው ያጓጓው ታሪክ ነው።

ለመላው ቤተሰብ፦ ጦቢያ

ከመጀመሪያው እንጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ከተማ ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተባለ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እሱ ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን የታተመው ከአገር ውጭ ነው፤ ታሪኩም የመበተን ታሪክ ነው።

በጦርነት ሠራዊት ይፈርሳል፣ የጦር አለቃው ይማረካል። መንትያ ልጆቹ ዋሂድና ጦቢያ ከእናታቸው ጋር ይቸገራሉ። አንድ የማያውቁት ነጋዴ ለአባታቸው ማስለቀቂያ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ዋሂድ የዚያን ደግ ሰው ውለታ ልክፈል ብሎ ሲወጣ ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። አባትና ጦቢያ ደግሞ እሱን ፍለጋ ይነሣሉ። መንገዱ ለሴት ልጅ ያስፈራልና ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለእኛ ማን ያስረዳናል? ወንድም ፍለጋ የወጣ ከመካከላችን አለ። ስሙን ሳይናገር የረዳውን ሰው እስከ ዛሬ የሚያስብም አለ። ስታነቡ ቆም በሉና ልጆቹን ጠይቁ፦ «ያንን ነጋዴ ብታገኙት ምን ትሉት ነበር?» መልሳቸው ያስገርማችኋል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። መጽሐፉ ስለ ሃይማኖትና ስለ «አረመኔ» የሚናገረው በዚያ ዘመን አነጋገር ነው። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አብሮ በሚሰማበት ቤት አንባቢው ቢያብራራ መልካም ነው። አማርኛውም ጠንከር ይላል፤ ለዚህ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን አሉ፣ ጠይቋቸው።

ለረጅም ምሽቶች፦ ፍቅር እስከ መቃብር

የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር፣ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሳን ምላስ ስሙን እንጂ መጽሐፉን ሳናነብ የምናውቅ ብዙ ነን። ምክንያቱም ታሪኩ ወደ ብዙ ቤት የገባው በሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለውም ገበሬ፣ እቤት የዋለችውም እናት እኩል ሰምተውታል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ድምፅ፣ የአገር ያህል ጆሮ ማለት ይህ ነው።

መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ አትፍሩት። በአንድ ምሽት አሥር ገጽ ቢነበብ ለሁለት ወር ያህል ይቆያል። ደራሲው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ኢጣሊያ ውስጥ ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው። በትዕግሥት የሚጽፉትም ምናልባት ትዕግሥትን እዚያ ስለተማሩት ይሆናል እንላለን።

የስለላና የፍቅር፦ ኦሮማይ

በዚህ ወር በእርግጥም አዲስ ወሬ ያለን ስለዚህ መጽሐፍ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ላይ ታትሟል። በአማርኛ ከወጣ ከአርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች አማርኛ የማያነቡ ልጆች ካሏቸው ይህን ንገሯቸው።

ታሪኩ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሲላክ ይጀምራል። አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን አለች፤ አስመራ ደግሞ ፊያሜታን ያገኛል። ሰላይ ከሰላይ ይተላለቃል፣ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ደብዛው የለም። የተረፉት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ኋላም ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ታትሟል።

ከእኛ ጋር የኤርትራ ስደተኞች ይኖራሉ። ያ ጦርነት የሁለቱንም ወገን እናቶች አስለቅሷል። «ኦሮማይ»ን ስታነቡ የጎረቤታችሁንም ወገን ታሪክ ጠይቃችሁ ስሙ። መጽሐፉ ለአዋቂዎች ነው።

ለወጣቶች፦ ዴርቶጋዳ

«መጽሐፍ ይደብራል» ለሚል ጎረምሳ መድኃኒቱ ይህ ነው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ከዚያ በፊት ልብ ወለድ ነክተው የማያውቁ ወጣቶችን ሁሉ አንባቢ አድርጓል። ከጣና ገዳማት ተነሥቶ በሳይንቲስቶችና በስለላ ድርጅቶች መካከል ይሮጣል። «እንዲህ ይሆናል እንዴ?» የሚያሰኝ ቦታ ሞልቶታል፤ ይሁን። ለጀማሪ አንባቢ ከጥልቀቱ ይልቅ ፍጥነቱ ይበጃል። ተከታዩን «ራማቶሓራ»ንም መፈለጋቸው አይቀርም።

ወረፋ ላይ ለምትቆሙ፦ አጫጭር ታሪኮች

ከውኃ ወረፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወረፋ ለሚውል ሰው ረጅም ልብ ወለድ አይመችም። በአንድ ቁጭታ የሚያልቁትን ፈልጉ። የታደሰ ሊበን «መስከረም» ከዘመናዊው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። የአዳም ረታ «ማህሌት» ደግሞ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ነው። ለሕፃናት የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» አለ። ቤት የሚመታ ስለሆነ ልጅ ሁለቴ ከሰማው በቃሉ ይይዘዋል። በቃሉ የያዘውን ደግሞ ገጹ ላይ ጣቱን እያስኬደ ሲፈልግ ፊደል ይለያል። ይህን በክፍል ሞክረን ያየነው ነው።

ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ለጀመራችሁ

የጂቡቲው ተወላጅ አብዱራህማን ዋበሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ዓለምን ገልብጦ ያሳያል። በእሱ ታሪክ አፍሪካ ባለጸጋ አንድ አገር ናት፤ ከጦርነትና ከረሃብ የሚሸሹት የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ናቸው፤ የሚሰደዱትም ወደ እኛ ነው። እየሳቅን እናነበዋለን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ወረፋ ላይ የሚጮሁብን ሰዎች ቢያነቡት ብለን እንመኛለን።

ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት የተወለደው ሱሌይማን አዶንያ ልጅነቱን በሱዳን የስደተኞች ካምፕ አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያወጣው ልብ ወለድም የሚተርከው ስለ ካምፕ ሕይወት ነው። ለአዋቂ ነው፤ አንዳንድ ገጹ ይከብዳል። ከዛንዚባር በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የተሰደደው አብዱልራዛቅ ጉርናህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ስደተኛ ስለ ስደት ጽፎ ዓለም አዳምጦታል።

ታዲያ እንዴት እናንብብ?

የመጽሐፍ እጥረት አለብን፤ የጆሮ እጥረት ግን የለብንም። አንድ ቅጂ ከተገኘ ስድስት ቤተሰብ ይጥራ። ፀሐይ በረድ ስትል፣ የኻምሲን ነፋስ ጋብ ሲል፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ድምፁ የሚያምር ሰው ያንብብ። ነገሩ ሲጦፍ ደግሞ መጽሐፉን ይዝጋ፤ ልጆች ነገ ቀድመው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ርዕሱን ብቻ ያንብብ፣ በሁለተኛው አንድ መስመር፣ በወሩ መጨረሻ አንድ አንቀጽ። ሲሳሳት አታቋርጡት፤ ጨርሶ ሲያበቃ አርሙት። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባትም አይፈሩ። ታሪኩን ሰምቶ «ከዚያስ?» የሚል ወላጅ ካለ ልጅ ያነባል።

መጽሐፉን በላስቲክ ወይም በወፍራም ወረቀት ሸፍኑት፤ ሙቀቱና አቧራው ገጹን ይበላዋል። ማን እንደወሰደ በደብተር ጻፉ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው «ምን ላምጣላችሁ?» ካለ ደግሞ ከበርበሬው ጎን አንድ መጽሐፍ ያስገባ በሉት፤ ከአንድ ኪሎ በርበሬ አይከብድም። በስልክ የሚዘዋወሩ ፎቶ ኮፒዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሌላ አማራጭ የሌለውን አንወቅስም፤ መግዛት የሚችል ዘመድ ያለው ግን ያስገዛ። ደራሲም የሚበላው ከዚያው ነው።

እናንተስ በዚህ ወር ምን አነበባችሁ? ለመምህሮቻችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ልጆች የጻፉት ከነስህተቱ ተቀባይነት አለው።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።